የእትዬ ሸዋረጋ ፋይል

የወይንሸት ትምህርት አሥራ ስምንት ሳምንት ነው የፈጀው። አሥራ ስምንት ሳምንት ደግሞ ምን አላት እንዳትሉ፤ ለእሷ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሳን ሆዜ ውስጥ ባለ የጎልማሶች ትምህርት ቤት የዶክተር ቢሮ ሥራ የሚባለውን ነገር አንድ በአንድ ተማረች። ስልክ እንዴት እንደሚነሳ፣ አፖይንትመንት እንዴት እንደሚያዝ፣ የኢንሹራንስ ፎርም እንዴት እንደሚሞላ፣ ያ ምላስ የሚያስር የበሽታ ስም ሁሉ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፋይል እንዴት እንደሚቀመጥ። "ፋይሉ ከጠፋ በሽተኛው ጠፋ በሉ" ይሉ ነበር አስተማሪዋ። ወይንሸት ይቺን ቃል ደብተሯ ላይ ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራባታለች። ማስመሩንስ አስምራለች።

ወደ ትምህርቱ የገፏት እትዬ ሸዋረጋ ናቸው። ወይንሸት በፈረንጆቹ ሰማንያ ሦስት ከሱዳን በስደተኝነት ስትመጣ የሚቀበላት ዘመድ አልነበራትም። እትዬ ቤተ ክርስቲያን አገኟትና የማን ልጅ ነሽ፣ ከየት ነሽ ብለው ጠይቀው ሲጨርሱ "ዕቃሽ የት ነው?" አሏት። ዕቃዋ አንድ ቦርሳ ነበር። በዚያው ቀን ቤታቸው ገባች፤ በሳምንቱ እሳቸው የሚሠሩበት ሆቴል አልጋ ማንጠፍ ጀመረች። ስድስት ወር ሳይሞላ እትዬ "አንቺማ እዚህ አንሶላ ስታጥፊ አታረጂም" አሉና ትምህርት ቤቱ ድረስ ይዘዋት ሄዱ። እንግሊዝኛቸው ከ"ሄሎ" እና ከ"ቱ ማች" አያልፍም። መዝጋቢዋን እንዴት አድርገው እንዳግባቧት እንጃ፣ ብቻ ወይንሸት ተመዝግባ ወጣች።

ስትመረቅ ሰርተፊኬቷን ፍሬም አስገብተው ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ሰቀሉት። ልጃቸው አክሊሉ ሳን ሆዜ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። "እማዬ፣ ኧረ ይኼስ በዛ" ቢላቸው "አንተም ያንተን አምጣ፣ ቦታ አለ" አሉት። ሳቀ እንጂ አልተቀየመም። ወይንሸት ኦክላንድ ሥራ ስታገኝም እትዬ "ብቻሽን እዚያ ምን ትሆኛለሽ?" ብለው አብረዋት መጡ፤ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ካለ ሕንፃ ላይ ሁለት ክፍል ተከራዩ። እናቷ ልጅ ሆና ስለሞቱባት፣ ወይንሸት እናት ስትባል ትዝ የሚላት የእትዬ ፊት ነበር።

የዶክተር ሊንድ ቢሮ ትንሽ ናት። ዶክተሩ፣ ቢሮውን የምትመራው ዶሪስ፣ ወይንሸት፤ ሰው ሲጎድል ደግሞ ለጥቂት ቀን የምትቀጠር አንዲት ተተኪ፤ በቃ። ግድግዳውን ሙሉ ፋይል ነው። እያንዳንዱ ፋይል ጠርዙ ላይ ባለቀለም ፊደል ይለጠፍበታል፤ ፊደሏ የምትወሰደው ከላስት ኔም፣ ለእኛ ሰው ከአባት ስም ነው። ዶሪስ በመጀመሪያው ቀን "ላስት ኔም ፈርስት፣ ሁልጊዜ" አለቻት። ወይንሸት ትምህርት ቤትም ይኼንኑ ሰምታ ነበር፤ አልከበዳትም።

የከበዳት እትዬ ሸዋረጋ ራሳቸው ታማሚ ሆነው የመጡ ቀን ነው። በሰማንያ አምስት መጨረሻ ደም ግፊታቸውን ሊታዩ መጥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ዶሪስ በሩን ከፍታ "ሚስስ ዘነበ" አለች። እትዬ ዝም። "ሚስስ ዘነበ" አለች ደግማ፣ ጮክ ብላ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ወይንሸት ከምትሠራበት የመቀበያ መስኮት ተነስታ መጥታ "እትዬ፣ እርስዎን ነው" ባትላቸው ኖሮ እዚያው ይመሹ ነበር።

ማታ ራት ላይ እትዬ ምግባቸውን ሳይነኩ "አባቴ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ ነው" አሉ። "ሰው መሀል ስሙን ሲጠሩት ክው አልኩ። ደግሞስ እኔ የዘነበ ሚስት ነኝ እንዴ? ሸዋረጋ የሚባል ስም የለኝም?"

ይኼ ነገር ወይንሸትን አንገበገባት። እውነቷን ነው፤ ማን የማይንገበገብ አለ? ሰው ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ አገሩን ጥሎ፣ ሥራውን ጥሎ፣ የቀረችው ስሙ ናት። በማግስቱ ዶሪስ ምሳ ስትወጣ የእትዬን ፋይል ከመጨረሻው መደርደሪያ፣ ከዜድ ላይ አወጣችና ፊደሏን ልጣ የሸዋረጋን ኤስ ለጠፈችበት፤ ኤስ ላይም አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ያገሯን ሰው ሁሉ በራሱ ስም ፋይል አወጣችለት። አሥራ አንድ ሰው ሆኑ። ለዶሪስ አልነገረቻትም፤ "ይኼን ለፈረንጅ ማስረዳት ማን ይችላል?" ብላ ተወችው። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ መጥራቱንም እሷ ስለያዘችው ነገሩ ሁሉ የሠመረ መሰለ። እትዬማ ለቤተ ክርስቲያን ሰው "ወይንዬ ያለችበት ቢሮ በስሜ ነው የሚጠሩኝ" እያሉ ይኮሩባት ነበር።

በሰማንያ ስድስት ሚያዝያ ላይ እትዬ ልብስ ሲለብሱ ወይንሸትን ጠሯትና አፍረው አፍረው "ግራ ጡቴ ላይ ባቄላ የምታህል ነገር አለች" አሏት። በነጋታው ዶክተር ሊንድ ዘንድ ወሰደቻቸው። ዶክተሩ ዳሰሳቸውና ከሐይቁ ማዶ ካለ ራጅ ቤት ማሞግራም የሚሉትን የጡት ራጅ እንዲነሱ ላካቸው። ቢሮው ውስጥ ደንብ አለ፤ ወደ ውጭ የተላከ ምርመራ ሁሉ አንድ ሰማያዊ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ውጤቱ ሲመጣ ምልክት ይደረግበታል፤ ያልመጣው ስልክ ተደውሎ ይፈለጋል። ወይንሸት የሁሉንም ትጽፋለች፤ የእትዬን አልጻፈችም። "የእትዬን ደግሞ በመዝገብ ልከታተል?" አለች በሆዷ። የገዛ እናትን ደብተር ላይ መዝግቦ መከታተል ነውር መሰላት።

ውጤቱ የመጣው የስቅለት ዕለት ነው። ወይንሸት ከሐሙስ እስከ ሰኞ ፈቃድ ወስዳ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ እትዬ አጠገቧ "ጉልበቴ፣ ጉልበቴ" እያሉ ይሰግዱ ነበር። ቢሮ ውስጥ እሷን የተካችው ልጅ ፖስታውን ከፈተች። ወረቀቱ "ዘነበ፣ ኤስ" ይላል። ዜድ ላይ ፈለገች፤ የለም። በተማረችው መሠረት ፋይል ያልተገኘለት ወረቀት የሚገባበት ክላሰር ውስጥ ከታችኛው መሳቢያ ከተተችው። ያን ክላሰር በየሳምንቱ አንድ ሰው ያየዋል ተብሎ ነበር። ማን እንደሚያየው ግን አልተባለም፤ ስለዚህ ማንም አያየውም።

ከፋሲካ በኋላ እትዬ "ወይንዬ፣ ያ ፎቶዬ ምን አለ?" አሏት። ወይንሸት በማግስቱ ፋይላቸውን ከኤስ ላይ መዝዛ አየች። ምንም የለም። በዚያ ቢሮ ውጤት ደህና ከሆነ ለበሽተኛ አይደወልም፤ የሚደወለው ክፉ ሲሆን ብቻ ነው። ማታ እየሳቀች ገባችና "ካልደወሉ ደህና ነው ማለት ነው እትዬ፤ ይተኙ" አለቻቸው። እትዬ አማተቡ፤ ተኙም።

በጋውን ሙሉ እትዬ ከሱ። ወገባቸውን ያማቸው ጀመር፤ ሆቴል ስንት ዓመት ያጠፍኩት አንሶላ ነው አሉ። እሑድ እሑድ ከሳን ሆዜ የሚመጣው አክሊሉ "እማዬን አንድ ጊዜ ሐኪም ብናሳያት" ቢል "አሁን በቅርቡ ተመርምሬ ነጻ ወጥቻለሁ፤ ወይንዬን ጠይቃት" አሉት። ጠየቃት። ወይንሸትም "አዎ፣ ተመርምረዋል" አለችው። በአፏ ነው ያለችው፤ ማንም አላስገደዳትም።

በጥቅምት አዲስ የፋይል ካቢኔ መጣና ዶሪስ የድሮው መሳቢያ ባዶ ይሁን አለች። ወይንሸት ከታችኛው ጀመረች። ክላሰሩን ከፈተች፤ ከወረቀቶቹ መሀል ዘነበ የሚል አየች። ወረቀቱ ላይ የደረሰበት ቀን ማህተም ሜይ ሁለት ይላል። ስቅለት። ያን ምላስ የሚያስር ቃል ሁሉ ማንበብ የተማረችው እዚያ ሳን ሆዜ አይደል፤ አንዱም አላመለጣት። ለካንሰር በጣም የሚያጠራጥር ነው፣ ባዮፕሲ፣ ማለትም ከእብጠቱ ተቆርጦ የሚደረግ ምርመራ፣ ሳይዘገይ ይደረግ ይላል። አምስት ወር ከምናምን አልፎታል። መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኾ ዝም አለ።

ቀጥሎ ያደረገችውን ለመናገር ይቀፋል፤ ግን አድርጋዋለች። ተነስታ የእትዬን ፋይል ከኤስ ላይ አወጣች፤ ኤስን በጥፍሯ ልጣ ዜድን ለጠፈችበት። የሌሎቹን አሥሩንም እንዲሁ ለዋወጠች፤ ዶሪስ ሳትመጣ ለመጨረስ ስትጣደፍ ሁለቱ ጠመም ብለው ነው የተለጠፉት። ከዚያ ወረቀቱን ፋይሉ ላይ አድርጋ ለዶክተር ሊንድ ወሰደችለት። ዶክተሩ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። ዶሪስ "ያቺ ተተኪ፣ ዓይኗ ሥር ያለውን ፋይል እንዴት አጣችው?" አለች። ወይንሸት አላረመቻትም። ተተኪዋ ከሄደች ቆይታለች፤ ስሟን እንኳ የሚያስታውስ አልነበረም።

ባዮፕሲ ተደረገ፤ ሌላም ምርመራ ተደረገ። በሽታው አጥንትና ጉበት ገብቷል። ሐኪሞቹ በግንቦት ቢሆን ኖሮ ብለው ጀምረው አልጨረሱትም።

ከሁሉ የባሰው ምስጋናው ነበር። አክሊሉ ኮሪደር ላይ አንገቷን አቅፎ "አንቺ ባታገኚው ኖሮ እስካሁንም አናውቅም ነበር" አላት። እትዬ ደግሞ ሌክ ሜሪት ቤታቸው ተኝተው ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ "ወይንዬ ናት ወረቀቱን ፈልጋ ያወጣችው። እግዜር እዚያ ያስቀመጣት ለኔ ብሎ ነው" ይላሉ። ሰውም ይመርቃታል። ወይንሸት ሾርባ ይዛ ትገባለች፣ ሳህን ይዛ ትወጣለች፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ታለቅሳለች። አንድ ወር እንዲህ ሆነ። የምትበላው አይወርድላትም፤ እትዬ ራሳቸው ታመው "ብዪ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?" የሚሏት እሳቸው ነበሩ።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠያቂ ሁሉ ወጥቶ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። እትዬ ትራስ ተደግፈው በመስኮት ሐይቁን ያያሉ።

"እትዬ፣ ወረቀቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለች ወይንሸት።

"ምን አልሽ?"

ነገረቻቸው። ሚስስ ዘነበ ከተባሉበት ቀን ጀምሮ፣ ኤሱን፣ ሰማያዊውን መዝገብ፣ የስቅለቱን ማህተም፣ በጥፍሯ የላጠችውን ፊደል፣ ስሟ የጎደፈውን ተተኪ፤ አንድም አላስቀረች። ስትጨርስ አልጋው ጠርዝ ላይ ግንባሯን ደፋች።  እጃቸውን ራሷ ላይ ያሳርፋሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ አላሳረፉም።

"እኔ እኮ በስሜ ጥሩኝ አልኩሽ እንጂ በስሜ አስቀምጡኝ አላልኩሽም" አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። "ፋይሉ የትም ቢቀመጥ ለኔ ምኔ ነው? ሲጠሩኝ እንድሰማ ነው የፈለግሁት።"

 ይኼን ያህል ቀላል ነበር። ፋይሉ ላይ በእርሳስ "ሸዋረጋ ብላችሁ ጥሩ" ብሎ መጻፍ ይበቃ ነበር።

"ስንት ሰው ነው እንደኔ ያደረግሽው?"

"አሥራ አንድ። ከእርስዎ ጋር።"

"የአሥሩን ወረቀት አይተሻል?"

አላየችም። ከእትዬ ወረቀት ሌላ በዚያ ክላሰር ውስጥ ያለውን አንዱንም አልገለጠችም፤ ፊደል ስትቀይር፣ ራሷን ስታድን ነበር። እትዬ ፊቷን አይተው አወቁ።

"ተነሺ" አሏት። "እኔ ጋ ቁጭ ብለሽ ስታለቅሺ ሌላ ሰው እንዳይሞትብሽ። ሂጂ። ለዚያች ለአለቃሽም ንገሪያት፤ ያቺ የሰው ልጅ በምን ዕዳዋ ትታማለች? ለአክሊሉ ግን አሁን አትንገሪው። እኔ እስካለሁ ሁለት ልጅ ነው ያለኝ፤ አንዱን አልቀንስም። ካለፍኩ በኋላ ንገሪው።"

ወይንሸት ቁልፍ ይዛ ሄደች። ቢሮው ባዶ ነበር። ክላሰሩ አዲሱ ካቢኔ ውስጥ እንዳለ ተዛውሯል። ወረቀቱን አንድ በአንድ ከሰማያዊው መዝገብ ጋር አስተያየች፤ ከአሥሩ ሰዎች የአንዱ እዚያ ተገኘ። ኤል ሴሪቶ የሚኖሩ የኤርትራ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሽ ወልደገርጊስ ሃይለሚካኤል። ፋይላቸው ወደ አባታቸው ስም ከመመለሱ ጥቂት ቀን በፊት የመጣ የደም ምርመራ ነው፤ ወይንሸት በሌለችበት ቀን የመጣች ሌላ ተተኪ መዝገቡ ላይ መጥቷል ብላ ምልክት አድርጋ፣ ፋይሉን ስታጣ ክላሰሩ ውስጥ ከታዋለች፤ ስኳራቸው ጣሪያ ነክቷል። እዚያው ቆማ ስልክ ደወለች። ሽማግሌው አንስተው "ውሃ ነው የሚጠማኝ ልጄ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም" አሏት። ዶክተር ሊንድ ቤት ደወለች፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ገቡ። ተረፉ።

ሰኞ ጠዋት ለዶሪስ ነገረቻት። ዶሪስ ሰምታ ስትጨርስ ቡናዋን ገፋ አድርጋ "ከነገርሽኝ ውስጥ እኔ ያልገባኝ፣ ለምን እንዳልጠየቅሽኝ ነው" አለች። ዶክተሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባት። ለምን እንዳላባረሯት እስከ ዛሬ አታውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአሥሩም ፋይል ፊቱ ላይ በእርሳስ የሚጠሩበት ስም ተጻፈ፤ የአሥራ አንደኛዋም ተጽፎላቸው ነበር፤ ግን እትዬ ወደዚያ ቢሮ አልተመለሱም።

የቀረውን ጊዜ እትዬ ስለዚያ ነገር አላነሱባትም። ይቅር ብዬሻለሁም አላሏትም። ሾርባውን ከእጇ ይጠጣሉ፣ ጸጉራቸውን እሷ ትሠራቸዋለች፣ "ወይንዬ" ማለቱንም አልተዉም። ለጠያቂ ግን "እሷ ናት ያገኘችው" ማለቱን ተዉት። ጥምቀት ሳይደርስ አረፉ። አክሊሉ አንድ እጃቸውን፣ ወይንሸት ሌላውን ይዘው ነበር።

አርባቸው ከወጣ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ፣ አክሊሉ ከሳን ሆዜ ወደ ቢሮው መጣ። ጥቁር ለብሷል፤ ጺሙን አልተላጨም። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር የመስኮቷ ደፍ ላይ አስቀመጠላት።

"እማዬ ላንቺ ይሰጥ ብላ ነበር" አላት። "ከሥዕሉ አጠገብ የነበረው።"

ወይንሸት ጋዜጣውን አልፈታችውም። ሰርተፊኬቷ መሆኑን ከቅርጹ አወቀችው። ወጥታ ከአጠገቡ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እትዬ ያን ቀን ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡበት ወንበር ነው። ለእናቱ የነገረችውን ሁሉ ለእሱም ነገረችው። በበጋ ሲጠይቃት "አዎ፣ ተመርምረዋል" ያለችውንም ጨመረች፤ ረስቶት እንደሁ ብላ።

አልረሳውም። እጁን ጉልበቱ መሀል አጣምሮ ምንጣፉን ያያል።

"እማዬ ታውቅ ነበር?"

"ከኅዳር ጀምሮ።"

"እያወቀች ነው ሾርባ ከእጅሽ ስትጠጣ የነበረው?"

"አዎ።"

"ምን አለችሽ?"

"በስሜ ጥሩኝ አልኩሽ እንጂ በስሜ አስቀምጡኝ አላልኩሽም አሉኝ።"

አክሊሉ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እጇን ዘረጋች፤ ሳትነካው መለሰችው። ቆይቶ ተነሳና ኮቱን አስተካከለ።

"ሁለተኛ ቤቴ እንዳትመጪ" አላት። አልጮኸም። "እሷ ልጄ ብላሻለች፤ እሷ ታውቃለች። እኔ እህቴ ልልሽ አልችልም።"

በሩን በቀስታ ዘግቶ ሄደ። ዶሪስ ከውስጥ ብቅ ብላ ጋዜጣውን በአንድ በኩል ገለጠችና ሰርተፊኬቱን አየች። "እዚህ ግድግዳ ላይ እንስቀለው?" አለቻት።

ወይንሸት አይሆንም አለች። ተቀበለቻትና ጋዜጣውን ገልጣ ጥላ ከታችኛው መሳቢያ፣ ፋይል ያልተገኘለት ወረቀት ከሚገባበት ክላሰር ሥር አስገባችው። ክላሰሩን በየሳምንቱ ዓርብ የምትገልጠው እሷ ናት። ክላሰሩን ባነሳችው ቁጥር ከሥሩ ሰርተፊኬቱ ላይ ስሟን ታየዋለች።